ጠይሟን ጠይም አድርጊያት

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት

ልጄ ሚጡዬ፣

ደህና ነሽ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሽሮና በርበሬሽን አዘጋጅታ ጨርሳለች፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ጠርቷል። ጠዋት ከጊዮርጊስ ስመለስ በሐይቁ ዳር ነው የማልፈው፤ ብርሃኑን ባየሁ ቁጥር አንቺ ትዝ ትይኛለሽ።

ባለፈው ስትደውዪ ድምፅሽ ደስ አላለኝም። «አባዬ፣ ሦስት ወር ሙሉ ቀለም አልነካሁም» አልሽኝ። የፊልም ቀለም ማረም ልትማሪ ገብተሽ ሥራሽ ሁሉ ፋይል መገልበጥ፣ ከኤዲተሩ የመጣውን ከዋናው ቀረጻ ጋር ማጋጠም፣ አንድም ፍሬም እንዳልተዛነፈ ማየት፣ ማታ ደግሞ ሬንደር፣ ኮምፒውተሩ የታረመውን ፊልም አስልቶ እስኪያወጣ፣ መጠበቅ ሆነብሽ። በስልክ የሰጠሁሽ መልስ ለራሴም አልጣመኝም። ቁጭ ብዬ ልጻፍላት አልኩ።

እኔም ፎቶ ቤት ስቀጠር እንደዚሁ ነበርኩ። ስድስት ወር ያህል ኔጋቲቭ ከአቧራ ስጠርግ፣ ፖስታ ላይ የደንበኛ ስም ስጽፍ፣ ኬሚካል ስበጠብጥ ከረምኩ። ማተሚያ ማሽኑን መንካት አይፈቀድልኝም። ይቆጨኝ ነበር። ግን በዚያ ስድስት ወር ውስጥ ሳላውቀው ስንት ሺህ ፊት አየሁ! ኔጋቲቩን ከታጠበው ፎቶ ጋር ጎን ለጎን። ማሽኑ ላይ የተቀመጥኩ ቀን ዓይኔ ከእጄ ቀድሞ ነበር። አንቺም አሁን ያልተነካውን ቀረጻና ከለሪስቱ፣ ቀለም አራሚው፣ የጨረሰውን አብረሽ እያየሽ ነው። ይህን ዕድል የሚያገኝ ስንቱ ነው? ሥራው አልቆ ሁሉም ሲወጣ ፕሮጀክቱን ክፈቺው። ኖዶቹን፣ የእርማቱን ደረጃዎች፣ አንድ በአንድ እያጠፋሽ፣ እያበራሽ እዪ። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠይቂው። ብቻ ደንበኛ ፊት አትጠይቂው።

አሁን እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ።

ማሽኑን በያዝኩ በመጀመሪያው ዓመት አንድ የሠርግ ፊልም መጣልኝ፤ ባለ 36። ሙሽራዋ ጠይም ዓሣ መሳይ ልጅ ናት። ነጭ ቀሚስ ለብሳ ሐይቁ ዳር፣ ሣሩ ላይ ነው የተነሳችው። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ሥራ ተደራርቦብኛል። ማሽኑን አውቶማቲክ ላይ አድርጌ ለቀቅኩት። ማሽን ምን ያደርጋል መሰለሽ? የፎቶውን ብርሃንና ቀለም ሁሉ ደምሮ ያካፍልና ውጤቱ ግራጫ እንዲሆን ያስተካክላል። ነጭ ቀሚስ ሲበዛበት «ይሄ ከመጠን በላይ ደመቀ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። አረንጓዴ ሣር ሲበዛበት ደግሞ ለማመጣጠን ማጀንታ፣ ሐምራዊ ቀይ፣ ይጨምራል። ሣሩ ትንሽ ደበዘዘ፣ ቀሚሱ ትንሽ አመድማ ሆነ፤ ይህን ማንም አያይም። ፊቷ ግን ጠቆረ፣ በላዩ ላይ ሐምራዊ ነገር ረበበበት።

ሰኞ ጠዋት የሙሽራዋ እናት መጡ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው። አልጮሁም። «የኔ ወንድም፣ ይቺ የማን ልጅ ናት?» አሉኝ። የምገባበት ጠፋኝ። 36ቱንም በራሴ ወጪ እንደገና አጠብኩ። እያንዳንዱን በእጄ፣ ማጀንታውን እየቀነስኩ፣ ድምቀቱን እያነሳሁ፣ ፊቷን ብቻ እያየሁ። ሴትዮዋ መልሰው ሲያዩት እንባቸው መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጀመሪያ የማየው ፊት ነው። ሣሩም፣ ሰማዩም፣ ቀሚሱም ከፊት በኋላ ይደርሳል።

የካሜራው አውቶ ዋይት ባላንስም፣ ነጩን በራሱ የሚያስተካክለው፣ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ማሽን ነው የሚያስበው። አረንጓዴ ግድግዳ ያለው ቤት ውስጥ የተቀረጸ ድራማ ሲመጣልሽ ያቺን ሙሽራ አስቢያት።

ነገሩ የማሽን ብቻም አይደለም። ኮዳክ ለማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም መለኪያ ካርድ ላይ ለብዙ ዓመት የነበረችው ነጭ ሴት ናት። ሸርሊ ካርድ ይሉታል። የእሷ ፊት ካማረ ሁሉም አማረ ተባለ። የጥቁር ሰው ፊት ዝርዝሩ ቢጠፋ ለረጅም ጊዜ ግድ ያለው አልነበረም። ፊልሙ ቡናማ ቀለምን አሻሽሎ እንዲይዝ ግፊት ካደረጉት ውስጥ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበሩበት። ይህን ስሰማ አንጀቴ ነው ያረረው። የእኛ እናቶች ፊት የእንጨት ያህል አልከበደም ማለት ነው።

ስለዚህ ይህን ሙያ ስትመርጪ እናትሽ ብትሰጋም እኔ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። ቋንቋችንን እዪው እስቲ። ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እንላለን። ከሩቅ ሰው ስንጠቁም በዚህ ነው የምንለየው። አንድ ቤት ውስጥ አራቱም ይገኛሉ። አንድ ድራማ ተከፍቶ እህትማማቾቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ብርቱካንማ ሆነው ሳይ ቴሌቪዥኑን አጠፋዋለሁ።

ባለፈው ፋሲካ ላፕቶፕሽ ላይ ያሳየሽኝ የቀለም መለኪያ፣ ቬክተርስኮፕ፣ እስካሁን ይገርመኛል። መሐሉ ቀለም አልባ፤ ወደ ዳር በራቀ ቁጥር ቀለሙ የሚበረታ ክብ። በቀይና በቢጫ መሐል ያቺ የቆዳ መስመር። የእኔን ፊት አስገባሽ፣ የእናትሽን፣ ከዚያ የአንድ ፈረንጅ። ሦስታችንም እዚያችው መስመር አካባቢ አረፍን። የምንለያየው በድምቀትና በቀለሙ ብርታት ነው አልሽኝ። መስመሯ ቀለሙ ወዴት እንደተንጋደደ ትነግርሻለች፤ ልጅቷ ጠይም ትሁን ቀይ ግን አትነግርሽም። እሱን ከዳይሬክተሩ ጠይቂ፣ ከቀረጻው ቦታ የተነሳ ፎቶ ካለ እዪ፣ ከተቻለ ተዋናይዋን ራሷን እያት።

ያ ሁሉም የሚወደው ፋሽን አለ፤ ጥላውን ወደ ውሃ ሰማያዊ፣ ፊቱን ወደ ብርቱካን የሚገፋው። በነጭ ሰው ላይ ጥላው ሌላ፣ ፊቱ ሌላ ቦታ ስለሆነ ይሠራል። የጠይም ሰው ፊት ግን ግማሹ ጥላው ውስጥ ነው ያለው። ጥላውን ሰማያዊ ስታደርጊ ጉንጩንም አብረሽ ትነክሪዋለሽ፤ ሰውየው ቅባት እንዳልነካው አመዳም ይሆናል። ዳይሬክተሩ ያን መልክ ከፈለገ ስጪው፤ ገንዘቡም ፊልሙም የእሱ ነው። ፊቱን ግን ለብቻው ለይተሽ ጠብቂው።

ጣናንም ሰማያዊ አድርጊልኝ የሚል ደንበኛ ይመጣብሻል። በክረምት ርብና ጉማራ አፈር ተሸክመው ሲገቡበት ሐይቁ ድፍርስ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። በሐምሌ የተቀረጸ ትዕይንት ውስጥ ውሃው ብቻ ሰማያዊ ቢሆን የአገሩ ሰው ይስቅብናል። ታንኳውንም አስተውዪ። አዲስ የታሰረ ደንገል ቢጫ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ውሃ ውስጥ ሲሰነብት ይጠቁራል። ሁለት ሳምንት ተራርቆ የተቀረጸውን አንድ ቀን ለማስመሰል እሱንም ማረም ሊኖርብሽ ነው። ደግሞ የማታውን ሰማይ ብዙ አትጎትቺው። በ8 ቢት ከተቀረጸ ለእያንዳንዱ ቀለም ያለው ደረጃ 256 ብቻ ነው፤ ቢጫው ወደ ቀይ ሲያልፍ እንደ ነጠላ ጥለት ይሰነጣጠቅብሻል። በ10 ቢት 1024 ስላለው ይችላል። ይህንን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ይኸው ያዝኩት።

ስለ ዓይንሽ። ዓይን ይለምዳል። እኔ ሱቁ ውስጥ ባለው መብራት ያማረኝን ፎቶ በር ላይ ይዤው ስወጣ አረንጓዴ ሆኖ አገኘው ነበር። ለዚህ ነበር አንድ ጥሩ የታጠበ ፎቶ ከማሽኑ አጠገብ ለጥፌ የማስቀምጠው፤ በየሰዓቱ እሱን አያለሁ፣ ዓይኔ ይመለሳል። አንቺም ግድግዳሽ ግራጫ ይሁን፣ ከስክሪኑ ኋላ ያለው መብራት 6500 ኬልቪን፣ እንደ ቀን ብርሃን፣ ይሁን፣ ሞኒተሩ ተለክቶ ድምቀቱ 100 ኒት ላይ ይቀመጥ። ያንን ቢጫ አምፖል ዛሬውኑ አውጪው። በየመሐሉ ተነስተሽ በመስኮት ውጪ እዪ። መጀመሪያ ያየሽው ነገር ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ ጻፊው፣ ካለበለዚያ ይጠፋል።

ቤት ስትገቢ በነፃው ዳቪንቺ፣ በቀለም ማረሚያው ፕሮግራም፣ ተለማመጂ። ብላክማጂክ የተባለው ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. የዳቪንቺን ኩባንያ ሳይገዛው በፊት መሣሪያው በመቶ ሺዎች ዶላር ይሸጥ ነበር። ዛሬ የአንቺ ላፕቶፕ ላይ አለ። የራስሽን ቀረጻ አርሚ፤ ኢንተርኔት ላይ የሚሸጥ የተዘጋጀ መልክ ላይ አትንጠልጠዪ።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። የራስሽን ሥራ መያዝ ስትጀምሪ ቀብድ ሳትቀበዪ አትንኪ፣ ስንት ጊዜ እንደምታርሚ አስቀድመሽ ተዋዋዪ። ፋይሉ ሦስት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱ ከቢሮው ውጪ። መብራት ይጠፋልና ዩፒኤስ ሳይኖር ሬንደር አታስጀምሪ።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ፎቶ አለ። ሁለቱም እናትሽ ናት፣ ዘጌ ጀልባ ላይ፣ አንቺን ነፍሰ ጡር ሳለች። ከአንድ ኔጋቲቭ ነው የታጠቡት። አንዱን ማሽኑ እንዳወጣው ተውኩት፤ ሌላውን እኔ አርሜዋለሁ። ኋላቸው ላይ ምንም አልጻፍኩም። መስኮት አጠገብ ሆነሽ፣ በቀን ብርሃን እያቸውና ደውዪልኝ። እናትሽን አጠገቤ አስቀምጣታለሁ።

አባትሽ