ፊልሞቻችንን የሚዳኙት እነማን ናቸው? ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የፊልም ፌስቲቫል ዳኞች ማንነትና ሙያ ይፋ እንዲደረግ ስለመጠየቅ

በፊልም ሥራ የድምፅ ባለሙያ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለውድድር የቀረበ አንድ አጭር ፊልም ላይ ሠርቼ ነበር። በፊልሙ ውስጥ አንዲት እናት በማለዳ ቡና ትወቅጣለች። የዘነዘናው ምት ከመጀመሪያዋ ትዕይንት አንስቶ ይሰማል፤ መርዶ ነጋሪዎቹ በአጥሩ በር ብቅ ሲሉ ቀጥ ይላል። ከዚያ በኋላ ወፍ የለም፣ ነፋስ የለም፣ የጎረቤት ዶሮ እንኳ የለም። ለዚያ ጸጥታ ከዳይሬክተሩ ጋር ሁለት ሌሊት ተሟግተናል። ሙቀጫውን ከእናቴ ቤት አምጥቼ ነው የቀዳሁት፤ የድሮ እንጨት የሚሰጠውን የታፈነ ድምፅ ብረቱ አይሰጥም።

ከውድድሩ በኋላ የነጥብ መስጫው ቅጽ ደረሰን። «ድምፅ» በሚለው ረድፍ አንዲት መስመር ተጽፋበታለች፦ «መሐል ላይ ድምፁ ይጠፋል፤ የቴክኒክ ችግር አለበት»። በዘርፉ ያሸነፈው ከዳር እስከ ዳር ሙዚቃ የተለቀቀበት ፊልም ነበር።

መሸነፍ ያለ ነው፤ ዋንጫው ይመለስልኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ያቺን መስመር የጻፈው ሰው ምን ሙያ እንዳለው ብጠይቅ፣ የዳኞች ስም አይነገርም ተባልኩ። መድረክ ላይ የሰማነው «አንጋፋና ታዋቂ የጥበብ ሰዎች» የሚለውን ብቻ ነው። ታዋቂነት ደግሞ ጆሮ አይሆንም።

ዳኛ ሁሉ ፊልም ሠሪ ይሁን እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 በፈረንሳይ የካን ፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ሰብሳቢ ልብ ወለድ ጸሐፊው ዦርዥ ሲምኖን ነበር፤ አሜሪካዊው ደራሲ ሄንሪ ሚለርም አብሮት ተቀምጧል። የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በጣሊያን የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የስክሪፕት ሽልማትን ሲያገኝ ሰብሳቢው ጀርመናዊው ዳይሬክተር ቪም ቬንደርስ ነበር። ከሱ ጋር የአርጀንቲናዋ ዳይሬክተር ሉክሬሲያ ማርቴል፣ የሆንግ ኮንጉ ዳይሬክተር ጆኒ ቶ፣ ሩሲያዊው የስክሪፕት ጸሐፊ ዩሪ አራቦቭ፣ ጣሊያናዊቷ ተዋናይት ቫሌሪያ ጎሊኖ፣ ስኮትላንዳዊው ሠዓሊ ዳግላስ ጎርደን ነበሩ። ጸሐፊም ተዋናይም ሠዓሊም አለበት። እኛ ከዚህ ሆነን ማን ማን እንደነበረ የምንዘረዝረው ስማቸው በአደባባይ ስለተነገረ ነው። ፍርዱ ባይጥመን እንኳ የማን ዓይን እንዳየው እናውቃለን።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ የቋንቋው ነገር ነው። አገራችን ውስጥ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛ የሚሠራ ሰው አለ። የአንዲት አያት ምርቃት ከሥር በተጻፈ ትርጉም ሲነበብ ምን ያህሉ ይቀራል? ቤቱ ሲሥቅ ዳኛው ካልሣቀ፣ የተዋናዩን ብቃት በምን ሊመዝን ነው? አማርኛ ብቻ የሚሰሙ አምስት ሰዎች የትግርኛ ፊልም ንግግር ላይ ነጥብ ሲሰጡ ማየት ያሳዝነኛል፤ አማርኛ አፌን የፈታሁበት ቢሆንም።

ዝምድናም አለ። የሙያው ሰው ጥቂት ነው፤ ካሜራ የሚያከራየው፣ ስክሪፕት የሚያርመው፣ ሚዜ የሆነው ሁሉ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ይህ ነውር የለበትም። ነውሩ መደበቁ ነው።

ስለዚህ ከመንግሥት የድጋፍ ደብዳቤ፣ አዳራሽ ወይም ገንዘብ የሚያገኝ ፌስቲቫል ሁሉ ውድድሩ ከመከፈቱ በፊት የዳኞቹን ስም፣ የሠሩትን ሥራና የሚሰሙትን ቋንቋ እንዲያሳውቅ ሚኒስቴሩ ግዴታ ያድርግልን። ከተወዳዳሪ ጋር የሥራ ወይም የሥጋ ዝምድና ያለው ዳኛ በዚያ ፊልም ላይ ነጥብ አይስጥ። ድምፅን፣ ቅንብርንና ካሜራን ከሚዳኙት መካከል ቢያንስ አንዱ እጁን በዚያ ሥራ ያፍታታ ሰው ይሁን። ሰው የለም እንዳይባል፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊልም በማስተርስ ደረጃ ያስተምራል፤ በየስቱዲዮው የሸበቱ ኤዲተሮችም አሉ። እስከ ዛሬ የጠራቸው የለም እንጂ ቢጠሩ ይመጣሉ።

የሚቀጥለው የውድድር ጥሪ ከመውጣቱ በፊት መልሳችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

አንድ የድምፅ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ