ለማኅበራችን አባላት፦ ስለ ሻገተ ጆንያ
ጤና ይስጥልን ወገኖቼ። ሰሞኑን መጋዘን ውስጥ አንድ የበቆሎ ጆንያ ስንፈታ ነጭ ብናኝ ቡን ብሎ ወጣ። ሁላችንም አስለን አለፍነው። ነገሩ ግን ቀላል አይደለም። የሻጋታ ብናኝ አንዳንድ ሰው ላይ ሳንባን ያስቆጣል፤ በሽታው ‹የገበሬ ሳንባ› ይባላል።

የሚያሳስተው ወዲያው አለመታየቱ ነው። ጠዋት የሻገተ እህል ወይም ድርቆሽ ያገላበጠ ሰው፣ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ያህል ቆይቶ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ያስለዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። እዚህ ጅማ ደግሞ ‹ወባ ነው› ብሎ ማለፍ ልማዳችን ነው። በማግስቱ ሻል ሲለው ተመልሶ መጋዘን ይገባል። ሲደጋገም ሳንባው ጠባሳ ሊያወጣ ይችላል፤ ጠባሳው አይድንም።

እባካችሁ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ሥራችሁን አትደብቁ፤ ‹ሻጋታ ነክቻለሁ› በሉ። ቡናም ሆነ በቆሎ በደንብ ሳይደርቅ ጆንያ አይግባ። አፍ ላይ ሻርፕ መጠቅለል ይህን ብናኝ አያቆምም። ያመመው ሰው መጋዘን አይግባ፣ ሥራውን እንሸፍንለታለን።