ለልጄ፦ ሳትበይ አትዋይ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወንድምሽ ትናንት ደውሎ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምሺ እንደምትውዪ ነገረኝ። ሰባተኛ ወርሽን ይዘሽ! ተይ ልጄ፣ ሳትበይ አትዋይ።

«ልጁ እንደሆነ ድርሻውን ከእኔ ይወስዳል» ብለሽዋል አሉ። እኔ እዚህ ፍኖተ ሰላም ሳዋልድ የኖርኩት ሴትዮ ይህን ከማንም አልቀበልም። የእንግዴ ልጅ ሙሉ መሆኑን ለማየት ሳህን ላይ እዘረጋዋለሁ። በእናትየው በኩል ጥቁር ቀይ፣ ወጣ ገባ ያለ ነው። በልጁ በኩል ያብለጨልጫል፤ ደም ሥሮቹ ከእትብቱ ተነስተው እንደ ዋርካ ሥር ተዘርግተዋል። ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የሁለታችሁ ደም እዚያ ይጎራበታል እንጂ አይቀላቀልም፣ መሃል ላይ ስስ ሽፋን አለ። የእንግዴ ልጁ አሚኖ አሲዱን (ከፕሮቲን የሚገኘውን የሰውነት መገንቢያ)፣ ካልሲየሙን፣ አይረኑን ከአንቺ አጥብቆ ይስባል። ስኳሩ ግን እንዲያ አይደለም። ከበዛበት ካንቺ ደም ወዳነሰበት ወደ ልጁ ነው የሚሄደው። ያንቺ ሲወርድ የሚደርሰው ይቀንሳል። የእንግዴ ልጁም ራሱ በላተኛ ነው፤ ከሚያልፈው ላይ ለራሱ ያስቀራል። ገባሽ? ሳትበይ አትዋይ።

የቡሬዋን አክስትሽን አስቢ። የበኩሯን ስታረግዝ ክረምት ነበር፣ ጎተራው ተሟጦ። አማቷን አፍራ «ጠግቤያለሁ» እያለች ከማዕድ ትነሳለች። ልጁ ሲወለድ ሁለት ኪሎ አልሞላም። ሌት ተቀን ደረቷ ላይ አስራ አሞቀችው። ዛሬ ተመስገን ትልቅ ሰው ሆኗል። እኔ ያኔ ትምህርት ላይ ነበርኩ። አጠገቧ በነበርኩ፣ በእጄ ባጎረስኳት እላለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

አለሜ፣ አንቺን ላስጨንቅሽ አይደለም። የንስሐ አባትሽን አነጋግሪ፣ ነፍሰ ጡርን አያስጨንቁም። እምቢ ካልሽም የጾሙን ምግብ ከጠዋት ጀምረሽ ብዪ፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። የአይረንና የፎሊክ አሲድ ኪኒንሽን በየቀኑ ዋጪ፤ ከቡናና ከሻይ ግን አራርቂው። ጠላ የሚባል እንዳትቀምሺ፣ አልኮል ያንን ሽፋን ያልፋል። ክትትልሽንም እንዳታስቀሪ።

በሶና የባቄላ ቆሎ በመኪና ልኬያለሁ። ቅዳሜ ወንድምሽ መናኸሪያ ሄዶ ይቀበል፣ አንቺ እንዳትሸከሚ። ሰኞ ጠዋት እደውላለሁ። ቁርስ ምን እንደበላሽ ነው መጀመሪያ የምጠይቅሽ።

እናትሽ