የላክሁልህን ሰንጢ እንዳትፈትገው

ለምወድህ ጓደኛዬ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማማስ፣ ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ማን ቀድሞ ጠፋ፣ ማንስ መደወል ነበረበት የሚለውን ክርክር ስንገናኝ ቡና ላይ እናነሣዋለን። አሁን የምጽፍልህ በሰው የላክሁልህ ዕቃ ስላለ ነው፤ ደብዳቤው ከዕቃው ቀድሞ ካልደረሰህ ጉድ ይፈላል።

ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ልጅ ሰንጢ ሰጥቼዋለሁ። በእጁ ይዞት አውሮፕላን እንዳይገባ፣ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ እንዲከተው ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ስትከፍተው ስለቱ ጠቆርቆር፣ አንዳንድ ቦታ ሰማያዊ ብሎ ታገኘዋለህ። አልዘገም፤ ያገለገለ ዕቃም አልጣልኩብህም። አዲስ ገዝቼ ሆን ብዬ ያጠቆርኩት እኔ ነኝ። ያኔ በተከራየናት ክፍል ያቺን የከሰለች ድስት በአመድ ፈትገህ ፈትገህ መስተዋት ያደረግሃት አንተ ስለሆንክ ነው የምጨነቀው። ይህን ስለት ብታገኝ በዚያው ምሽት አንጽተህ ታሳድረዋለህ።

ኦፒኔል ይባላል። እኔ ያለሁባት ሻምቤሪ በፈረንሳይ የሳቩዋ ከተማ ናት፤ ሰንጢውም የዚሁ ተራራማ አገር ነው። ዦዜፍ ኦፒኔል የሚባል የብረት መሣሪያ ሠሪ ልጅ በሞሪየን ሸለቆ በ1890 ጀመረው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1897 ከ1 እስከ 12 ቁጥር በመጠን ለያየው፤ ያንተው 8 ቁጥር ነው፣ ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር። አንገቱ ላይ ያለችው ቀለበት የተጨመረችው በ1955 ነው። ስለቱ ሲዘረጋ አዙራት፤ ያለዚያ ጣትህ ላይ ይታጠፍብሃል። ስለቱ ላይ ዘውድ የደፋች እጅ ተቀርጻለች። የምትባርከው እጅ ሴን ዣን ደ ሞሪየን ከምትባለው ከተማ ዓርማ የመጣች ናት፤ የመጥምቁ ዮሐንስ እጅ ናት ይላሉ፣ ከተማዋም በስሙ ነው የተጠራችው። ለእማማ ይህን ንገርልኝ፣ ደስ ይላቸዋል።

ወደ ጥቁረቱ ልመለስ። የወጥ ቤትህ ቢላዋ የማይጠቁረው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮምየም ስላለበት ነው። ይህኛው ክሮምየም የለውም ማለት ይቻላል፤ ብረትና 0.9 በመቶ ገደማ ካርቦን ነው። ስለዚህ የነካው ሁሉ ይይዘዋል። ውኃ ላይ ከተውከው ቀይ ዝገት ያወጣል፤ ቀዩ ይፈረፈራል፣ እርጥበት አቁሮ ወደ ውስጥ ይበላል። በአሲድ ቀስ እያለ የሚወጣው ጥቁር ግን ስስና ጠጣር ሆኖ ብረቱን ይለብሰዋል፣ ለቀዩም ቦታ አይለቅለትም። ጭራሽ አይዝግም ማለቴ አይደለም፣ ይዘገያል እንጂ። እዚህ ያሉ ሰዎች ፓቲና ይሉታል፤ አንዳንዱማ እንደ ልጁ ፎቶ እያወጣ ያሳያል።

ሰው ሲቸኩል አቼቶ ያሞቅና ሶፍት ነክሮ ስለቱን ይጠቀልለዋል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግራጫ ይሆናል። ከዚያ በቤኪንግ ሶዳ ውኃ አለቅልቆ፣ አድርቆ ዘይት መቀባት ነው። እንዲህ ማድረግ ካማረህ መጀመሪያ ስቡን በሳሙናና በአልኮል አጥራ፤ የጣት አሻራ የነካው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አቼቶው ውስጥ አሳድረኸው ከተኛህ ደግሞ ስለቱን ይበላዋል። መታጠፊያውንና እንጨቱን ፈጽሞ አትንከር። እኔ ግን ይህን መንገድ አልወደውም፤ ቀለሙ ወጥ ይሆንና ፋብሪካ የቀባው ይመስላል።

እኔ ያወጣሁት ጥቁረት በሽንኩርት፣ በፖምና በድንች የመጣ ነው። ሽንኩርቱን ከትፌ ስለቱን ሳልጠርግ ለጥቂት ደቂቃ እተወዋለሁ። ስታጥበው ጭማቂው የተኛበት ቦታ ሐምራዊ፣ ጠርዙ ላይ ወርቅማ ሆኖ ታየዋለህ፤ ወደ ብርሃን ስታዞረው ይለዋወጣል። መጀመሪያ ሰሞን ሽንኩርቱ ራሱ ይጠቁር፣ ሎሚውም ብረት ብረት ይል ነበር። ጥቁረቱ ሲጠነክር ያ እየቀነሰ ሄደ። ሰማያዊው ግን ከሥጋ ነው የመጣው፣ ትኩስ ቀይ ሥጋ ሲነካው እንደዚያ ያደርገዋል። በዚህ አንተ ትበልጠኛለህ፤ እዚህ ቁርጥ ከየት አመጣለሁ? ቅዳሜ ሥጋ ቤት ስትቀመጥ የእነሱን ካራ ትተህ ይህንን አውጣው። ጫፉ አካባቢ ገና ነጭ ነው፣ እሱን ላንተ ትቼዋለሁ። ጾም ከሆነም ሽንኩርትና ድንች አለልህ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አያስቸግርህም። ሠርተህበት እጠበው፣ ወዲያው አድርቀው፣ እርጥቡን አትጠፈው። ዘይት ስትቀባ ኑግ አይሁን፤ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቅና መታጠፊያውን ይይዘዋል። ስስ ቫዝሊን ይበቃል። ክረምት ሲገባ እንጨቱ እርጠብ ብሎ ስለቱ አልወጣ ካለህ፣ በጥፍርህ አትታገለው፤ የእጀታውን ጭራ ጠረጴዛ ላይ ጠቅ ስታደርገው ስለቱ ብቅ ይላል። እዚህ ሽማግሌዎቹ ሁሉ እንዲህ ነው የሚከፍቱት። ስትሞርደው የሚያበራው አፉ ብቻ ነው፤ እሱ ይብራ፣ ሌላውን ተወው። ቀይ ነጥብ ካየህ እሷን ብቻ ዘይት በነካ ጨርቅ አሸት አሸት አድርጋት። አመድ አይነካውም፣ እባክህን!

አንድ ነገር ቀረኝ። እዚህ አገር ሰንጢ በስጦታ የተቀበለ ሰው ለሰጪው ሳንቲም ይሰጣል፤ ስለት ወዳጅነት እንዳይቆርጥ ነው ይላሉ። እኔ አላምንበትም፤ ግን ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ ምን አጋፍጦኝ? የአንድ ብር ሳንቲም ለልጁ ስጥልኝ፣ ያመጣልኛል። መቼም ባዶ እጁን አይመለስምና ሚጥሚጣም ጨምርበት፤ እዚህ የማገኘው ስሙ ብቻ ነው። ስልኬ ያው የድሮው ነው።

ያንተው