አከፋፋይ ስትመርጪ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ገላን ላይ የጀመርሽው የበረኪና ሥራ ለገበያ መድረሱን ስትነግሪኝ ደስ ብሎኛል። አከፋፋይ ነን ብለው ከመጡት ማንን ልያዝ ያልሽኝ ግን በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

«ስንት ካርቶን ትወስዳለህ?» ብለሽ አትጀምሪ። አምስት መቶ ካርቶን በአንድ ቀን ጭኖ የሄደ ሰው ሸጠልሽ ማለት አይደለም፤ ዕቃው ካንቺ መጋዘን ወደ እሱ መጋዘን ተዛወረ እንጂ። የሚያስፈልግሽ ባለሱቁ መደርደሪያ ላይ አድርሶ፣ ሲያልቅ ተመልሶ የሚሞላና ገንዘቡን በቀኑ የሚያስገባ ሰው ነው። ይህን ከእሱ አፍ አትሰሚውም፤ ከሱቆቹ ነው የምትሰሚው። አደርሳለሁ ያለሽ ሰፈር ቱሉ ዲምቱም ይሁን ኮዬ ፈጬ፣ እሱ ሳይኖር ሂጂና ሃያ ያህል ሱቅ ግቢ። አሁን የሚያከፋፍለውን ሸቀጥ እያሳየሽ «ይሄን ማን ነው የሚያመጣላችሁ? በየስንት ቀኑ ይመጣል? የፈሰሰውን ይቀይራል?» በዪ። አብዛኞቹ ሰውየውን ወይም መኪናውን ካላወቁ፣ አከፋፋይ ሳይሆን ለሌላ ጅምላ ነጋዴ የሚያስተላልፍ ሰው ነው። ዕቃውንም አንስተሽ እይው፤ አቧራ ከለበሰና የምርት ቀኑ ከራቀ፣ አንድ ጊዜ ጥሎ ሄዶ አልተመለሰም ማለት ነው።

ከሱቆቹ ቀጥሎ መጋዘኑ። በረኪናን ሙቀትና ፀሐይ ጉልበቱን ይጨርሱታል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሚዳከምበት ፍጥነት ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት፣ ጣራ ሥር ወራት ያሳለፈ ጠርሙስ ነጭ ልብስ ላይ ሲፈስ እንደ ውሃ ነው፤ የገዛችው ሴት የምታማው ደግሞ መጋዘኑን ሳይሆን ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ስምሽን ነው። ስለዚህ ጠዋት ሳይሆን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሂጂ። በሩ ሲከፈት ወበቁ ፊትሽን ከመታሽ ሌላ መጠየቅ አያስፈልግሽም። ወለሉ ላይ የእንጨት ርብራብ መኖሩን፣ ከታች ያሉት ካርቶኖች አለመርጠባቸውን እይ፤ በረኪና ሲቆይ ጋዝ ይለቃል፣ ክዳኑ ካላስተነፈሰ ጠርሙሱ ይነፋና ያፈሳል፣ ያኔ የታችኛው ካርቶን ለስልሶ ድርድሩ ይናዳል። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ አጠገቡ ካስቀመጠ እዚያው ንገሪው፤ ሁለቱ ፈስሰው ከተገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሰው ይገድላል። ከዱቄትና ከስኳር ጋር አንድ ክፍል የሚያከማች ሰውም አይሆንሽም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። 12 ጠርሙስ የያዘውን ካርቶን ከቫት ውጪ በ480 ብር ሰጥተሽው፣ እሱ ለሱቅ በ528 ቢሸጥ 48 ብር ያገኛል። በትንሿ ሱዙኪ 60 ካርቶን ይዞ ወጥቶ ሁሉንም ቢጨርስ 2,880 ብር ነው፤ ነዳጅ፣ ሾፌርና ጫኝ ከዚያ ይወጣል። ግማሹን ይዞ ከተመለሰ 1,440 ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያ ሰፈር አይወጣም። ለዚህ ነው ሳሙናና ሶፍት አብሮ የሚያዞር ሰው የሚሻልሽ፤ የመንገዱን ወጪ ሌላው ሸቀጥ ይጋራልሻል። የሌላ ድርጅት በረኪና በተሻለ ትርፍ ከያዘ ግን ያንቺን ከጭነቱ ሁሉ ሥር ነው የሚያኖረው። በመጀመሪያው ቀን «ለእኔ ብቻ ስጪኝ» የሚልም አለ፤ ሦስት ወር በአንድ ሰፈር ሠርቶ፣ ስንት ሱቅ ደጋግሞ እንዳዘዘ በዝርዝር ሳያሳይሽ እሺ አትበዪው።

ዱቤ ላይ ጨክኚ፣ ልጄ። በሳምንት 100 ካርቶን የሚያዞር ሰው በሁለት ሳምንት ልክፈል ካለ፣ እጁ ላይ 96,000 ብርሽ አለ ማለት ነው። በዚያ ላይ 15 በመቶው ቫት 14,400 ብር ነው፤ እሱ ባይከፍልሽም በጊዜው አሳውቀሽ መክፈል ያንቺ ዕዳ ነው። የመጀመሪያው ጭነት ሳይከፈል ሦስተኛው አይጫን። የወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ ይዘሽ ተኝተሽ አትደሪ፤ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል ቢያስጠይቅም፣ ክሱ የሚቀጥለውን ሳምንት ጥሬ ዕቃ አይገዛልሽም። መጠኑ ከፍ ካለ የባንክ ዋስትና ጠይቂ። ንግድ ፈቃዱ መታደሱንና ለጅምላ የተሰጠ መሆኑን አረጋግጪ፤ ያለ ደረሰኝ ስጪኝ ያለሽን ደግሞ ሸኚው።

የአጎትሽ ልጅ እኔ ላከፋፍል ማለቱን ሰምቻለሁ። ዘመድ ስለሆነ አትከልክዪው፣ ዘመድ ስለሆነም አትስጪው፤ ሱቆቹንም መጋዘኑንም ለእሱም እይ። ዱቤው ሲያልፍ «ዛሬ አልጭንም» ልትዪው የማትችዪ ከሆነ ግን ባይጀመር ይሻላል፤ ገንዘቡም ዝምድናውም አብሮ ነው የሚሄደው።

ሁለት ሰው ከያዝሽ ሰፈሩን ለዪ፦ አንዱ ከአቃቂ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ሌላው ከዱከም እስከ ቢሾፍቱ። ካልለየሽ አንዱ በ528 የሚሸጠውን ሌላው በ510 አውርዶ ዋጋ ይሰብራል፤ ባለሱቆቹም ከዚያ በኋላ በ528 አይገዙም። ሲጫን እያንዳንዱ ካርቶን ላይ የአከፋፋዩን ምልክትና የምርት ቀኑን በማርከር ጻፊ፤ የቢሾፍቱው ካርቶን ቃሊቲ ሱቅ ውስጥ ሲገኝ የማን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

ውሉ ላይ የፈሰሰ ዕቃ የማን ኪሳራ እንደሆነ ይጻፍ፦ ከክዳን ጉድለት የመጣው ያንቺ፣ ከጭነትና ከአደራደር የመጣው የእሱ፣ ቅሬታውም ዕቃውን በተረከበ በ24 ሰዓት ውስጥ። ዋጋው ከቫት በፊት ነው ወይስ ቫትን ጨምሮ የሚለውም በግልጽ ይቀመጥ፤ 480 ብለሽ እሱ ቫቱን ጨምሮ ነው ብሎ ከተረዳው ጠቡ የሚጀምረው በመጀመሪያው ደረሰኝ ነው። ከመፈረምሽ በፊት ረቂቁን ላኪልኝ፤ የዱቤውንና የተመላሽ ዕቃውን አንቀጽ አብረን እናነበዋለን።

እናትሽ
ከለገጣፎ