ፓስወርድ ከመቀየራችሁ በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ወር የብሮውዘር አካውንቴ ፓስወርድ ጠፋኝ። ላፕቶፔ ተበላሽቶ ፎርማት ስለተደረገ የተቀመጡ ፓስወርዶቼና ቡክማርኮቼ በሙሉ የቀሩት ሲንክ ላይ (ብሮውዘሩ መረጃችንን በኢንተርኔት ሰርቨር ላይ የሚያስቀምጥበትና በሌሎች መሣሪያዎቻችን ላይም የሚያመጣበት አገልግሎት) ብቻ ነበር። ቸኩዬ "ፓስወርድ ረሳሁ" የሚለውን ተጫንኩ፣ በኢሜይል በመጣልኝ ሊንክ አዲስ አወጣሁና ገባሁ። አካውንቱ ተከፈተ። ውስጡ ግን ባዶ! የ6 ዓመት ክምችት ነው፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው። ለምሳሌ ፋየርፎክስ የተባለውን ብሮውዘር እንውሰድ። ሲንክ የምናደርገው መረጃ የሚቆለፈው ከራሳችን ፓስወርድ በሚወጣ ቁልፍ ስለሆነ ብሮውዘሩን የሚሠራው ሞዚላ እንኳ ሊያነበው አይችልም። ለምስጢራችን ጥሩ ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ፓስወርዱ በኢሜይል ሲቀየር ሰርቨሩ ላይ ያለውን መረጃ የሚከፍት ቁልፍ አይኖርም፤ ይሰረዛል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ድሮ የገባችሁበት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ ብሮውዘሩን አትሰርዙት። እዚያ ያለው መረጃ አይነካም፤ በአዲሱ ፓስወርድ ስትገቡበት መልሶ ሲንክ ያደርገዋል። ፓስወርዳችሁን የምታስታውሱ ደግሞ ዛሬውኑ አካውንት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ (ፓስወርዱ ቢጠፋ እንኳ መረጃውን የሚከፍት ኮድ) አውጡ። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ የሚያውቀው ሰው ግን ብዙ አላጋጠመኝም። ወረቀት ላይ ጻፉትና ከልደት ካርድና ከፓስፖርት ጋር አስቀምጡት፤ ላፕቶፑ ውስጥ ብቻ ካስቀመጣችሁት አብሮ ይጠፋል።

ዝግጅት ክፍሉም የቁልፉን አወጣጥ በፎቶ አስደግፎ ቢያወጣልን ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ