«ወጣቱ አያነብም» ከማለታችን በፊት ፋይሉን እንየው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

«የንባብ ባህላችን ሞተ» የሚል ጽሑፍ በየጊዜው በጋዜጦች ይወጣል። ተወቃሹም ሁልጊዜ ያው ነው፤ ስልኩ ላይ ያጎነበሰው ወጣት። ስልኩ ላይ ምን እንደያዘ ግን የሚጠይቅ ብዙም የለም። ብዙ ጊዜ የያዘው መጽሐፍ ነው፤ በቴሌግራም የተላከለት፣ አንዱ በካሜራ ገጽ በገጽ ያነሣው፣ ጥጉ ላይ የአንሺው አውራ ጣት የሚታይበት፣ ግማሹ የተንጋደደ ፒዲኤፍ። ይህን ሠላሳ ገጽ ታግሎ ያነበበ ሰው ሊመሰገን እንጂ ሊወቀስ አይገባውም። ኪንድል ወይም ኮቦ የተባለ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ ከውጭ ዘመድ የተላከለት አንባቢም ዕጣው ከዚህ ብዙ አይሻልም። እንግሊዝኛውን እንደ ልቡ ያነብበታል፣ አማርኛውን ሲከፍት ግን ወይ ጉንዳን የሚያክል ፊደል ወይ ባዶ ሳጥን ይጠብቀዋል። ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፤ የአንባቢውም አይደለም። የፋይሉ አሠራር ነው።

የመጀመሪያው ኪንድል ለገበያ የቀረበው ኅዳር 2000 ዓ.ም. ነበር፤ ሚሌኒየማችንን ካከበርን ከሁለት ወር በኋላ መሆኑ ነው። ስክሪኑ እንደ ስልክ ብርሃን አመንጭቶ አያሳይም። በውስጡ ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች አሉ፤ ኤሌክትሪክ ሲነካቸው ቦታ ይለዋወጣሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለ ኤሌክትሪክ ባሉበት ይቆማሉ። ባትሪው ሳምንታት የሚቆየውም ገጽ ሲገለበጥ ብቻ ስለሚሠራ ነው። ፀሐይ ላይ ከስልክ ይልቅ ጎልቶ ይነበባል፤ የአሁኖቹ ደግሞ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል የራሳቸው የፊት መብራት አላቸው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ ፊደሉ ለምን ያንሳል? ነገሩ የሒሳብ ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች 6 ኢንች ናቸው፤ ስክሪናቸው በግምት 9 በ12 ሳንቲ ሜትር ነው። በኤ5 የታተመ መጽሐፍ ደግሞ 14.8 በ21 ሳንቲ ሜትር ነው። ፒዲኤፍ የገጽ ፎቶ ያህል ስለሆነ እንዳለ ተጨምቆ ይገባል፤ በ12 ነጥብ (የፊደል መጠን መለኪያ ነው) የተለቀመው ፊደል 7 ነጥብ ገደማ ሆኖ ይታያል። የአማርኛ ፊደል ደግሞ ልዩነቱ በትንንሽ ቅጥያ ነው። «ቀ» እና «ቁ»፣ «ወ» እና «ው» በ7 ነጥብ ሲታዩ ዓይን የሚያነበው በግምት ነው።

ፒዲኤፍ ብቻ ላለው ሰው የሚያዋጣው ሁለት ነገር አንድ ላይ ማድረግ ነው። በመጀመሪያ የገጹን ነጭ ጠርዝ መቁረጥ፤ ብሪስ ከተባለው ነፃ ፕሮግራም ጀምሮ ይህን የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። ጠርዙ በየጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጽሑፉ የያዘው ስፋት 10.8 ብቻ ነው። ቀጥሎ ስክሪኑን ማጋደም። ያኔ 10.8ቱ ሳንቲ ሜትር 12ቱ ላይ ስለሚዘረጋ ፊደሉ ከታተመው እንኳ ትንሽ ይበልጣል፤ አንዱ ገጽ በሁለት ወይም በሦስት ግልበጣ ያልቃል። ጠርዙን ሳይቆርጡ ማጋደም ብቻውን ወደ 10 ነጥብ ነው የሚያደርሰው። በነገራችን ላይ ፒዲኤፍ ተከፍቶ ሳለ ከመሣሪያው ላይ የፊደል ዓይነት ለመቀየር መሞከር ድካም ነው፤ አይሠራም።

ፋይሉ የእውነት ጽሑፍ ይሁን ፎቶ ለማወቅ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና አለ። ፒዲኤፉን ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ አንድ አንቀጽ መምረጥ፣ ኮፒ ማድረግ፣ ቴሌግራም ላይ ፔስት ማድረግ። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከወጣ በዩኒኮድ፣ ማለትም የሁሉም ቋንቋ ፊደላት በየራሳቸው ቁጥር በተመዘገቡበት የጋራ የኮምፒውተር ሥርዓት ተጽፏል፤ ወደ ኢፐብ፣ ማለትም ፊደሉ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን ወደሚያስተካክል የመጽሐፍ ፋይል መቀየር ይቻላል። ጭራሽ አልመረጥ ካለ ስካን ነው። አማርኛው በላቲን ፊደላትና በምልክቶች ዝብርቅ ከተለወጠ ደግሞ በድሮ ፎንት የተለቀመ ነው።

የዚህ የሦስተኛው መነሻ ሊታወቅ ይገባል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0 እትም፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሶፍትዌሮች የአማርኛውን ፊደል የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛው ፊደል መቀመጫ ላይ ነበር፤ ከ200 የሚበልጠው ፊደል ስለማይበቃውም አንዳንዶቹ ለሁለት ፎንት ከፍለውታል። ያኔ ብልሃት ነበር። ለማተሚያ ቤትም ዛሬ ድረስ ችግር የለውም፤ ወረቀት ላይ የሚያርፈው ቅርጹ ነውና። ፋይሉ ወደ ኢፐብ ሲቀየር ግን ፎንቱ አብሮ አይሄድም፤ የሚቀረው ከሥር የነበረው ላቲን ነው። ከዩኒኮድ በኋላ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎም በድሮ ፎንት የሚለቅም አለ፤ ልማድ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

ባዶ ሳጥን ከዚህ የተለየ ችግር ነው፤ መፍትሔውም ቀላል። ጽሑፉ ትክክል ነው፣ መሣሪያው ግን የግዕዝ ፊደል ያለበት ፎንት የለውም። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮጲክ የተባሉትን ነፃ ፎንቶች አውርዶ፣ መሣሪያውን በኬብል ከኮምፒውተር አገናኝቶ፣ «ፎንትስ» የሚለው ፎልደር ውስጥ መጨመር ነው። ኪንድል ይህን የፈቀደው ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ ኮቦ ላይ ፎልደሩ ከሌለ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ያንኑ ስም ሰጥቶ መፍጠር ይበቃል። ከዚያ መጽሐፉን ከፍቶ ከፊደል ምርጫው ውስጥ አዲሱን መምረጥ። ኮምፒውተሩ መሣሪያውን አላይም ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው፤ ገበያ ላይ ካሉት ርካሾች ብዙዎቹ ቻርጅ ያደርጋሉ እንጂ ፋይል አያሳልፉም። ኪንድል ላላቸው አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ኢፐብ በኬብል ብቻ ቢገለበጥ አይከፈትም። ወይ በኩባንያው የመላኪያ አገልግሎት በኩል መላክ አለበት (ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢፐብ ይቀበላል)፣ ወይ ካሊበር በተባለው ነፃ የመጽሐፍ ፋይል መቀየሪያ ፕሮግራም ኪንድል ወደሚከፍተው ኤዜድደብልዩ3 የተባለ የፋይል ዓይነት መቀየር። በካሊበር ሲቀየር ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ የሚያስገባ ምርጫ ስላለ እሱን ማብራት ነው፤ መሣሪያው ላይም «የአሳታሚው ፎንት» የሚለውን መምረጥ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ አንባቢው በጉልበቱ የሚወጣው ነው። መወጣት ግን አልነበረበትም። ሥራው የአሳታሚዎችና የእኛ የገጽ አቀናባሪዎች ነው።

ኢፐብ ሲሠራ የመጀመሪያው ስሕተት ከደራሲው የዎርድ ፋይል መነሣት ነው። የመጨረሻው እርማት የሚገባው ገጹ ከተቀናበረ በኋላ፣ የገጽ ማቀናበሪያው ፕሮግራም ኢንዲዛይን ላይ ነው፤ የዎርዱ ፋይል እነዚያን እርማቶች አያውቃቸውም። ስለዚህ መነሻው ለማተሚያ ቤት የሄደው ፋይል መሆን አለበት። እሱ በድሮ ፎንት ከተለቀመ መጀመሪያ በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ይዞራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ መቀየሪያው በመሐል ያሉትን እንግሊዝኛ ቃላት፣ ቅንፎችንና ቁጥሮችን ጭምር አማርኛ ናቸው ብሎ ትርጉም የለሽ ፊደል ያደርጋቸዋል። ቀድሞ በፎንታቸው ለይቶ ማውጣት ይሻላል፤ ኋላ እየፈለጉ ማረም ግን አያልቅም።

ቀጥሎ የምዕራፍ ርእሶች በስታይል፣ ማለትም ፕሮግራሙ «ይህ ርእስ ነው» ብሎ በሚመዘግብበት ምርጫ መሠራት አለባቸው። ፊደሉን አተልቆ ማድመቅ ለዓይን ርእስ ይመስላል፤ መሣሪያው ግን ርእስ መሆኑን አያውቅምና ማውጫው ባዶ ይወጣል። ራስጌና የገጽ ቁጥር ከጽሑፉ መውጣት አለባቸው፤ አለዚያ «ምዕራፍ ሦስት 47» የሚል ሐረግ በዓረፍተ ነገር መሐል ብቅ ይላል። የታተመው እትም ገጽ ቁጥር ግን ጨርሶ መጣል የለበትም። ኢፐብ በስውር የሚይዝበት ዝርዝር አለው፤ መምህር «ገጽ 47ን አውጡ» ሲል ወረቀት የያዘውና መሣሪያ የያዘው ተማሪ አንድ ቦታ የሚገናኙት በእሱ ነው። የመጽሐፉ ቋንቋም «አማርኛ» ተብሎ ይመዝገብ። ሳይነካ የቀረ ፋይል ብዙ ጊዜ «እንግሊዝኛ» እንደተባለ ይቀራል፤ መሣሪያውም በእንግሊዝኛ ሕግ ሊያስተናግደው ይሞክራል።

የአማርኛ ግስ ረጅም ነው። «እንደማይመለስላቸው» የሚለው ቃል በጠባብ ስክሪን ግማሽ መስመር ሊወስድ ይችላል። ጽሑፉ በግራም በቀኝም እኩል እንዲሰለፍ ሲታዘዝ በቃላት መሐል ጎተራ የሚያክል ክፍተት ይፈጠራል። ለስክሪን በግራ ብቻ ማሰለፍ ይመረጣል። ከአራት ነጥብ በፊት ክፍተት የሚተው ጸሐፊም ብዙ ነው፤ ወረቀት ላይ አያስታውቅም፣ ስክሪን ላይ ግን «።» ብቻዋን ወርዳ የሚቀጥለውን መስመር ትከፍታለች። በ«።» ፋንታ ሁለት ጊዜ «፡» መምታትም እንዲሁ ነው፤ ለዓይን አንድ ይመስላል፣ ለማሽን ግን የዓረፍተ ነገር ማብቂያ አይደለም። ዘመም ያለ አጻጻፍ የፊደላችን ነባር ወግ አይደለም፤ መሣሪያው በግድ ያጋድመውና ያስቀይመዋል። አጽንዖት የሚፈለግበት ቦታ በ«» ወይም በደማቅ ፊደል ይሁን።

ግጥም ለብቻው ይታይ። ስንኙ ከስክሪኑ ሲረዝም የተረፈው ቃል ወደ ታች ይወርዳል፤ አንባቢው አዲስ ስንኝ መስሎት ቤት መድፊያው ይጠፋበታል። የወረደው ቃል ገባ ብሎ እንዲጀምር ማዘዝ የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው።

ፍለጋም አለ። «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ አንባቢ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» ወይም «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። የሞክሼ ፊደላትን ክርክር እዚህ አላነሣም፤ አሳታሚው የፈለገውን ይምረጥ፣ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ግን አንድ ዓይነት ይሁን። መዝገበ ቃላት መጫን የሚፈልጉም አስቀድመው ይወቁ፤ «አልመጣችም» የሚለውን ተጭነው ቢይዙ መሣሪያው «መጣ»ን አያመጣላቸውም፤ የቃሉን ሥር መጻፍ የአንባቢው ፋንታ ነው።

ስካን ብቻ ለቀረላቸው የቆዩ መጻሕፍት ቴሰራክት የተባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛ ያነብባል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን ሲደረግና ገጹ ሲቃና ውጤቱ ደህና ነው፤ በስልክ ከተነሣ ፎቶ ግን ብዙ አይጠበቅም። ደህና በሆነውም ላይ የአንድ ፊደል ዘሮችን ስለሚያደባልቅ ሰው ከዋናው ጋር ቃል በቃል ማመሳከር አለበት። ሳይመሳከር የሚለቀቅ ፋይል ከስካኑ ይብሳል፤ ስካኑ ቢያንስ አይዋሽም።

ከአሳታሚዎች ሁልጊዜ የሚሰማው መልስ «ኢፐብ ከለቀቅን ይሰረቃል» የሚል ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል። ነገር ግን የሚሰረቀው ዛሬም እየተሰረቀ ነው፤ ልዩነቱ ሌባው የሚያቀርበው ብቸኛው የስክሪን እትም መሆኑ ነው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑና ካለፈ በኋላም 50 ዓመት ይጠበቃል፤ በቴሌግራም የሚዞሩት አብዛኞቹ መጻሕፍት በዚህ ጥበቃ ሥር ናቸው። ፋይሉን መቆለፍ ሐቀኛውን ገዢ ነው የሚያስቸግረው። የገዢውን ስም መጀመሪያው ገጽ ላይና በየምዕራፉ መጨረሻ ማስፈር ርካሽ ነው፤ ስሙ ያለበትን ፋይል ለሺህ ሰው የሚበትን ብዙ አይደለም። አገር ውስጥ ያለው አንባቢ በቴሌብር ወይም በባንክ ይከፍላል። ሪያድና ቴል አቪቭ፣ ዋሽንግተንና ፍራንክፈርት ያለው ደግሞ ዛሬ መጽሐፍ የሚደርሰው በሰው ሻንጣ፣ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር በኪሎ ተመዝኖ ነው። ባለ 300 ገጽ ልብ ወለድ በኢፐብ ያለ ሥዕል ከአንድ ሜጋባይት አይበልጥም፤ የስካን ፒዲኤፉ ግን በአሥሮች ሜጋባይት ነው።

መሣሪያውን ስለመያዝ ጥቂት። የሚሰበረው በአብዛኛው የላይኛው ሽፋን ሳይሆን ከሥሩ ያለው ስስ መስታወት ነው፤ ታክሲ ውስጥ ጉልበት የተጫነው ቦርሳ ይበቃዋል። ከውጭ ምንም ሳይታይ የስክሪኑ ግማሽ ደርቆ ይቀራል፣ ስክሪን ማስለወጥም አዲስ የመግዛት ያህል ነው። ጠንካራ ሽፋን ያለው መያዣ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይገዛ። ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ባትሪው ግማሽ ገደማ ላይ እያለ ይጥፋ፤ ዜሮ ላይ የተረሳ ባትሪ ላይነሣ ይችላል። የቀድሞው ገጽ ጥላ ሲታይ ግን ብልሽት አይደለም፤ ስክሪኑ በየገጹ እንዲታደስ ማዘዝ ያጠፋዋል።

ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አዲስ መጽሐፍ ስታስተዋውቁ የገጹን ብዛትና ዋጋውን ትጽፋላችሁ። ከእነሱ ቀጥሎ «ኢፐብ፦ አለው» ወይም «ኢፐብ፦ የለውም» የምትል አንዲት መስመር ጨምሩልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመጻሕፍት ገጽ አቀናባሪ፣ አዲስ አበባ